ደሞዝ ወይስ ፐርሰንት? የአዲስ ጥርስ ሐኪም የመጀመሪያ ውል

በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም። ግራውንድ ላይ ከተደረደሩት ሱቆች መካከል ፋርማሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሞባይል ጥገናው፣ ከዚያ ደግሞ ትልቅ ነጭ ጥርስ የተሳለበት ታፔላ። እዚህ ገብቶ ሥራ የሚጠይቅ አዲስ ምሩቅ የሚገጥመው ንግግር ከክሊኒክ ክሊኒክ ብዙም አይለያይም። ባለቤቱ ወንበር ይስባሉ፣ ሻይ ያስመጣሉ፣ «ዶክተር፣ እኔ እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማይህ» ይላሉ። ቀጥለው አነስ ያለ ደሞዝ ይጠሩና «ዋናው ፐርሰንቱ ነው» ብለው ይጨምራሉ። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ፐርሰንቱ ስንት ነው? ሠላሳ። ሠላሳ አምስት ቢሆንስ? በመሀል ይስማማሉ። ሁለት ገጽ ወረቀት ይመጣል፤ ይፈረማል።

ድርድሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ዋናው ጉዳይ ግን ሳይነሳ ቀርቷል። በኢትዮጵያ ሕግ «ደሞዝ» እና «ፐርሰንት» የአንድ ገንዘብ ሁለት ስሞች አይደሉም። ደሞዝ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ ጡረታና የሥራ ስንብት የሚሰላበት ነው። ፐርሰንት ዛሬ ኪስ ገብቶ ዛሬ ያልቃል። ስድስትና ሰባት ዓመት የተማረ ሰው ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርመው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ነገሩ ታሪክ አለው።

በዚህ አገር ሕክምና ለረዥም ዘመን የተሠራው ያለ ውል ነው። ጥርስ የሚነቅለው ወጌሻ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ጎን ቆሞ ይማር ነበር፤ ክፍያውም በእጅ በእጅ፣ በነቀለው ጥርስ ልክ። በቤተ መንግሥት ዙሪያ የነበሩት የውጭ ሐኪሞች ደግሞ ውላቸው የንጉሡ በጎ ፈቃድ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ የግል ሐኪም የነበረው የጓዴሎፕ ተወላጁ ዶክተር ቪታሊየን ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚዘረጋው የባቡር መስመር ስምምነት በስሙ እስከ መጻፍ ደርሷል። ከዚያ የበለጠ «ጥቅማ ጥቅም» ያገኘ ሐኪም በአገሪቱ ታሪክ መኖሩ ያጠራጥራል።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ዘመናዊው የጤና ባለሙያ ከአገር ውስጥ መውጣት ሲጀምር፣ ምሩቁ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው መንግሥት ሆነ። ሕጉ ግን በጎን ይጻፍ ነበር። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ረዥም ክፍል ነበረው፤ ስለ ሕክምናና ስለ ሆስፒታል ውል ሳይቀር ለብቻው አንቀጾች መድቧል። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛና የአሠሪን ግንኙነት ደነገገ። ደርግ በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 64 ተካው። ከዚያ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156 መጡ። በ55 ዓመት አምስት አዋጅ።

ሐኪሙ ከነዚህ አዋጆች ጋር አልተዋወቀም። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ ሐኪም ማለት ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ነበር። በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ጠበበ። ምሩቁ ዕጣ ያወጣል፤ ጎጃም ደረሰህ፣ ባሌ ደረሰሽ ይባላል፤ ሻንጣ ይሸከፋል። ደሞዙ በስኬል የተቆረጠ ነው። ከደርግ በኋላም ዕጣውና ምደባው ቀጠለ፤ ሐኪሞች የአገልግሎት ግዴታቸውን ሳይጨርሱ ዋናው ዲግሪ እጃቸው አይገባም ነበር። የሚደራደሩበት ነገር ስላልነበረ መደራደርም አልተለመደም። ታላላቆቹ ያልለመዱትን ለታናናሾቹ ሊያወርሱ አይችሉም።

መስከረም 1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ ለግሉ ዘርፍ በር ከፈተ፤ የግል ክሊኒክ በየከተማው ተስፋፋ። ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪም ማስመረቅ ያዙ፤ የግል ኮሌጅም ገባበት። ከዚያ ደግሞ ሁሉንም ምሩቅ ተቀብሎ የሚመድበው መንግሥት እጁን ሰበሰበ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተሰብስበው ብሶታቸውን አሰሙ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የደሞዝ ጥያቄው ሥራ እስከ ማቆም፣ እስከ እስርም ደረሰ። ይህ ሁሉ ግን ከመንግሥት ጋር በጋራ የተደረገ ክርክር ነው። ብቻን ተቀምጦ፣ ሻይ ከጋበዙ የክሊኒክ ባለቤት ጋር መነጋገር ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ብር ያወጣል።

ኮዬ ፈጬ ራሱ የዕጣ ሰፈር ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር 32,653 የ20/80 እና 18,576 የ40/60 ቤቶችን ዕጣ ሲያወጣ ስሙ በአገር ሙሉ ተሰማ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ወጣ፣ የመሬቱና የወሰኑ ጥያቄ ፖለቲካውን ናጠው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ያደረጉት የወሰን ስምምነትም ይህን አካባቢ ነክቷል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ኮዬ ፈጬ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ይህ ለጥርስ ሐኪሙ ምን እንደሚያገናኘው ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን። ለጊዜው የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ነዋሪው ቀን ከተማ ይውላል፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ሰፈሩ ይገኛል። ስለዚህ የሰፈር ክሊኒክ ሥራው ከመሸ በኋላና በዕረፍት ቀን ነው።

አሁን ወደ ውሉ። አዋጅ 1156 በአንቀጽ 53 ደሞዝ ምን እንደሆነ ከተናገረ በኋላ ደሞዝ የማይባሉትን ይቆጥራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ውሎ አበልና የመጓጓዣ ወጪ፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚሰጥ ማበረታቻ፣ ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ። የጥርስ ክሊኒክ ፐርሰንት የተባለውን ስም ቢባል ከነዚህ ወደ አንዱ ለመጎተት የተመቸ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ውል እንውሰድ። ደሞዝ 8,000 ብር፣ ፐርሰንቱ በአማካይ 17,000 ብር፣ ጠቅላላ 25,000 ብር በወር። ግብሩ ሁለቱን አይለይም፤ ፐርሰንትም ከመቀጠር የተገኘ ገቢ ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው ማሻሻያ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ የ25,000 ብር ግብር 6,700 ብር ይሆናል። ጡረታ ግን የሚቆረጠው ከደሞዙ ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ስለዚህ ሐኪሙ የሚከፍለው 560 ብር ብቻ ሆኖ እጁ ላይ 17,740 ብር ይደርሳል። ያው 25,000 ብር ሙሉ በሙሉ ደሞዝ ቢሆን ኖሮ የጡረታ መዋጮው 1,750 ብር ይሆናል፤ እጅ ላይ የሚደርሰው 16,550 ብር ነው።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ፐርሰንት ሲበዛ ሐኪሙ በየወሩ 1,190 ብር ተጨማሪ ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ ደግሞ ለጡረታ 2,750 ብር ከመክፈል 880 ብር ብቻ ይከፍላሉ፤ 1,870 ብር ተረፋቸው። በመጀመሪያው ወር ሁለቱም ደስተኞች ናቸው፤ ማንም ማንንም ያታለለ አይመስልም።

ወሩ ሲሄድ ነው ነገሩ የሚታየው። ሐኪሙ እጁ ቢሰበርና ለአንድ ወር ቢተኛ፣ ሕጉ የመጀመሪያውን ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደሞዝ ይለዋል፤ ሙሉው ደሞዝ ግን 8,000 ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሹ፣ ማለትም 4,000። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ እሱም በ8,000 ሒሳብ። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባበት ሁኔታ ቢፈጠር ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፤ ያው 8,000።

ከሁሉ የከፋው ሐኪሟ ላይ ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። በወር 25,000 ለምዳ የኖረች ሴት በአራት ወር ውስጥ 32,000 ብር ታገኛለች፤ ደሞዟ በሙሉ ደሞዝ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ 100,000 ብር ነበር። በዚህ መካከል ያለው 68,000 ብር የጠፋው ከአንድ ዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሻይ እየተጠጣ፣ «ዋናው ፐርሰንቱ ነው» የተባለ ቀን ነው። ስለዚህ ከሠላሳ ወደ ሠላሳ አምስት ለማስጨመር ከመከራከር፣ ፐርሰንቱ ሃያ ሆኖ ደሞዙ እንዲያድግ መከራከሩ የሚያዋጣበት ብዙ ጊዜ አለ። የሚያሳዝነው፣ ይህን ሐሳብ በመጀመሪያ ቀን የሚያነሳ አዲስ ምሩቅ «ሥራ የማይወድ» ተደርጎ መታየቱ ነው።

ከዚህ የጠለቀ ጉድጓድም አለ። አዋጁ በአንቀጽ 3 ከሽፋኑ ውጭ ያደረጋቸው ሰዎች አሉ። አንዱ የሥራ መሪ ነው፤ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው። ሌላው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ነው። አሁን የተለመዱትን ሁለት «ማዕረጎች» አስቡ። ክሊኒኩ ሁለት ሐኪም ብቻ እያለው አዲሱ ምሩቅ «ሜዲካል ዳይሬክተር» ይባላል፤ ደስ ይለዋል፣ ለእናቱ ይደውላል። ወይም ደግሞ «ደሞዝ የለም፣ አርባ ፐርሰንት፣ ነፃ ነህ» ይባላል፤ ነፃ የሚለው ቃል ጆሮ ይጥማል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው «የሥራ መሪ ነበር»፣ ሁለተኛው «በራሱ የሙያ ኃላፊነት ይሠራ ነበር» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብባቸው ይችላል። ዳኛው ስሙን ሳይሆን የሚሠራውን ሥራና ያለውን ሥልጣን መርምሮ ይወስናል፤ ቢሆንም የመግቢያ ሰዓቱን፣ ወንበሩን፣ ዋጋውን ባለቤቱ እየወሰኑ ሳለ ሠራተኛ መሆንን ለማስረዳት ወራት መመላለስ ማንም አይመኘውም። ሁሉን የሚያድን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ፤ ውሉ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የተደረገ የሥራ ውል ነው የሚል። ይህን ለማስጻፍ የሚከፈል ብር የለም።

ፐርሰንቱ ራሱስ፣ የምን ፐርሰንት ነው? ታካሚ ከከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው ወይስ የዕቃና የላብራቶሪ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ? ክራውን ከሆነ ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፤ የላቡ ሒሳብ ቀድሞ ከወጣ የሐኪሙ ድርሻ ይሟሽሻል። የወደቀ ሙሌት በነፃ ሲደገም የማን ኪሳራ ነው? በዱቤ የታከመ ሰው ካልከፈለስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ታካሚ የሚከፋፈለው እንዴት ነው? ሩት ካናሉንና ክራውኑን ባለቤቱ ይዘው ነቀላና እጥበት ለአዲሱ የሚሰጡ ከሆነ፣ የአርባ ፐርሰንት ውል ከሃያ ፐርሰንት ውል ሊያንስ ይችላል። ውሉ ላይ ቁጥሩ እንጂ ይህ አይጻፍም።

ይህ የሐኪሙ ኪስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሌላው አንባቢ ባላስጨነቀ። ግን ክፍያው የሚለካበት መንገድ የታካሚውን አፍ ይነካል። እንግሊዞች ይህን በአገር ደረጃ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1948 የሕዝብ ጤና አገልግሎታቸው ሲጀመር የጥርስ ሐኪም በሠራው ሥራ ልክ፣ በየዓይነቱ ይከፈለው ነበር። ሕዝቡ ጎረፈ፣ ወጪው ናረ። በ1951 መንግሥት ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ሕዝቡን ሊያስከፍል ሲወስን አገልግሎቱን የመሠረተው ሚኒስትር አንዩሪን ቤቫን ከሥልጣን ለቀቀ። በ2006 ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ፤ ሕክምና በመደብ ተከፍሎ አንድ ጥርስ የሞላም አምስት ጥርስ የሞላም ለዚያ ሕክምና ያው ነጥብ ተያዘለት። ብዙ ጥርስ የተበላሸበት ድሃ ታካሚ ለሐኪሙ የማያዋጣ ሰው ሆነ። በሥራ ብዛት ስትከፍል የማያስፈልግ ሥራ ይመጣል፤ በነጥብ ስትከፍል የሚያስፈልገው ሥራ ይሸሻል። ኮዬ ፈጬ ላይ ኑሮው በሙሉ በፐርሰንት የተንጠለጠለ ወጣት «ይህ ጥርስ ዛሬ ምንም አያስፈልገውም፣ በደንብ ቦርሺው» ለማለት ከራሱ የቤት ኪራይ ጋር መታገል አለበት። ቋሚ ደሞዙ ወገቡን የያዘለት ሐኪም ይህን ለማለት ይቀለዋል።

ቀጣዩ አንቀጽ የባለቤቶቹ ፍርሃት የሚታይበት ነው። «ሥራ ከለቀቀ በኋላ ለሁለት ዓመት በዚህ አካባቢ በጥርስ ሕክምና አይሠራም።» ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ከጥርስ ሐኪም ጋር ደግሞ የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1831 እንግሊዝ ውስጥ ሆርነር የተባለ የዮርክ ከተማ ጥርስ ሐኪም ግሬቭስ የተባለውን ረዳቱን ከሰሰ። ረዳቱ ከዮርክ ዙሪያ በ100 ማይል ውስጥ በሙያው ላይሠራ ፈርሞ ነበር። 100 ማይል ማለት 160 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢለካ አዳማንም ደብረ ብርሃንንም ይውጣል። ዋና ዳኛው ቲንዳል ክልከላው የአሠሪውን ተገቢ ጥቅም ከመጠበቅ አልፎ ሄዷል ብሎ ጣለው፤ አንድ ጥርስ ሐኪም ያን ሁሉ አገር በእጁ ሊያክም አይችልምና። በ1843 ደግሞ ማላን የተባሉ የለንደን ጥርስ ሐኪሞች ሜይ የተባለ ረዳታቸውን ይዘው ቀረቡ። ያኛው ፍርድ ቤት ውሉን ለሁለት ከፈለው፤ ለንደን ውስጥ እንዳይሠራ የሚለውን አጸና፣ አሠሪዎቹ በሠሩባቸው ሌሎች ከተሞች ሁሉ እንዳይሠራ የሚለውን ሰረዘ።

በዚያ ዘመን የጥርስ ሕክምና በሕግ የተመዘገበ ሙያ እንኳ አልነበረም፤ እንግሊዝ የጥርስ ሐኪሞችን ሕግ ያወጣችው በ1878 ነው። ረዳቱ ሙያውንም ደንበኛውንም ያገኘው ከጌታው ነው፤ የጌታው ፍርሃት ከዚያ የመጣ ነው። የዛሬው የኮዬ ፈጬ ምሩቅ ሙያውን ያገኘው ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ የብቃት ምዘና ወስዶ የሙያ ፈቃዱን ይዞ የመጣ ነው። ከባለቤቱ የሚያገኘው ታካሚውን ብቻ ነው። ታካሚ ደግሞ እጅ ይከተላል፤ ስልክ ቁጥር ይይዛል፣ በቴሌግራም ይጽፋል። ስለዚህ የባለቤቱ ስጋት ባዶ አይደለም። ከጎን ብሎክ ሌላ ታፔላ ሲሰቀል ያየ ሰው ያውቀዋል።

የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ የት እንዳይሠራ ሊከለከል እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ የለውም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል በመረጠው ሥራ የመተዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ድርድሩ ያለው በዚህ መሀል ነው። «በዚህ አካባቢ» የሚለው ቃል መለኪያ የለውም፤ ነገ ቱሉ ዲምቱም ቂሊንጦም አካባቢ ሊባል ይችላል። ክልከላው ጨርሶ ካልተሰረዘ በኪሎ ሜትርና በወር ይቆጠር፤ ደግሞም ባለቤቱ ራሳቸው ሲያሰናብቱት አይሥራ። ያባረረ ሰው «ሌላም ቦታ እንዳትሠራ» የሚልበት ምክንያት የለውም።

መልቀቅን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ባለቤቶች ግን ከእሱ ጋር ብዙም አይተዋወቁም። ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ቢለቅም የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደሞዙ አይበልጥም። ውሉ «ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከለቀቀ 100,000 ብር» ቢልም፣ የሥራ ውል ሕጉ ለሠራተኛው ከሰጠው ያነሰ ነገር ሊያስገባ እንደማይችል አዋጁ ይናገራል። (እዚህ ላይ እንኳ ትንሿ ደሞዝ ለሐኪሙ ትጠቅመዋለች፤ የ30 ቀን ደሞዙ 8,000 ብር ነውና።) ክሊኒኩ ከፍሎ ያሠለጠነው ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ወጪው ስንት እንደሆነና በየወሩ እንዴት እየተቀነሰ እንደሚሄድ ለብቻው ይጻፍ። ዋናውን ዲግሪ «ለመተማመኛ» አስቀምጦ መሥራት ግን መንግሥት ያስለመደውን ወደ ግል ክሊኒክ መሳቢያ ማዛወር ነው። ኮፒ ይበቃል።

የሙከራ ጊዜም እንዲሁ ነው። ሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይለፍ ይላል፤ በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም የሌላው ሠራተኛ መብት አለው። «ስድስት ወር እንይህና እንጽፍልሃለን» የሚለው ንግግር ከዚህ ጋር አይገጥምም። ውል በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ ፈርሞ መስጠት አለበት። የማታና የእሑድ ሥራው ደግሞ በሳምንት ከ48 ሰዓት ሲያልፍ ትርፍ ሰዓት ነው፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ይህም የሚሰላው ከደሞዝ ነው። ሁሉም መንገድ ወደዚያችው 8,000 ይመለሳል።

ሐኪሙ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ብዙዎች የማያስተውሉት ትልቅ ነገር ይዞ መጥቷል። የጥርስ ክሊኒክ ያለ ፈቃድ ባለው ባለሙያ አይከፈትም። ባለቤቱ ነጋዴ ከሆኑ፣ ወይም ሐኪም ሆነው ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከከፈቱ፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የአዲሱ ምሩቅ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ ሲሰቀል ኃላፊነቱም አብሮ ይሰቀላል፤ የመሣሪያ ማምከኛው ቢበላሽ፣ ያልተፈቀደለት ሰው መርፌ ቢወጋ፣ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው በስሙ ፈቃድ የወጣለትን ሰው ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ማስገባት ለብቻው የሚነገር ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ዋጋ ያለው፣ ሲለቅ ስሙ በስንት ቀን ከክሊኒኩ ፋይል እንደሚነሳ የተጻፈበት። ፈቃዱን ሰጥቶ እሱ ራሱ የማይገኝበት «ኪራይ» ግን ድርድር ሊባል አይገባውም፤ ታካሚን መሸጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው የወሰኑ ነገር የሚመጣው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉ ምክር ቤት ሥልጣን ስለሆነ፣ ክሊኒኩ በአዲስ አበባ ሥርም ይሁን በሸገር ሥር አዋጁ አንድ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚቆጣጠረውና አቤቱታ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ግን ይለያያል። ሐኪሙ ከመፈረሙ በፊት የክሊኒኩ ፈቃድ የወጣው ከየትኛው አስተዳደር እንደሆነ ግድግዳው ላይ ቢያነብ ነገ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ከሚያመላልሰው ይድናል።

የባለቤቶቹም ወገን መሰማት አለበት። ወንበሩ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ የራጅ ማሽኑ ከውጭ በዶላር የገባ ነው፤ የሱቁ ኪራይ ሥራ ኖረም አልኖረም ይከፈላል፤ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ነዳጅ ይጠጣል። አዲስ እጅ ዘገምተኛ ነው፤ ሩት ካናል ውስጥ ፋይል ይሰብራል፤ አንዳንዱ ሥራ በባለቤቱ ይደገማል። በቀዝቃዛ ወር ፐርሰንት ከደሞዝ ይቀላል። ስለዚህ ፐርሰንትን ጨርሶ ማስቀረት ላያስኬድ ይችላል። የሚያስኬደው ደሞዙ ሰው ታሞም ወልዶም የሚኖርበት እንዲሆን፣ ፐርሰንቱ ደግሞ በላዩ የሚጨመር እንዲሆን ነው። አዲሱ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ይህን ማስቀየር ካልቻለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደሞዙ እንደገና እንዲታይ ቀኑ የተጠቀሰበት አንድ መስመር ማስገባት ይችላል። ያኔ ታካሚ ስሙን ጠርቶ የሚመጣበት ጊዜ ይሆናል፤ የመደራደር አቅሙም ሌላ ነው።

የመጨረሻው ነገር ደብተር ነው። ያልተከፈለ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ የፐርሰንት ክርክርም ቶሎ የተነሳው ይሻላል። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ያለው በባለቤቱ እጅ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በየቀኑ የካርድ ቁጥር (የታካሚ ስም ሳይሆን)፣ የተሠራውን ሥራና የተከፈለውን ብር በራሱ ደብተር ይይዛል፤ በወሩ መጨረሻ ከባለቤቱ ጋር አስተያይቶ ያስፈርማል፤ የተፈረመበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ያኖራል።